የመንገዱ መብራት ሳይነጋ ለምን ይጠፋል?

ሰፈራችን በፀሐይ የሚሠራ የመንገድ መብራት አለ። በፍልሰታ ለኪዳን ስንሄድ ሳይነጋ ጠፍቶ፣ እናቴ ቦይ ውስጥ ገባችና እግሯ ወለም አላት። እኔ ተበላሽቷል ብዬ ነበር፤ ለካስ ርቦት ነው! ከላይ ያለው ሶላር ቀን ቀን የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ ባትሪው ያጠራቅማል፤ ማታ አምፖሉ ይበላል። ደመና ከዋለ ግን ባትሪው ሳይጠግብ ያመሻል። የሰሜን ሸዋ ሬማ መንደር ኩራዝን የተሰናበተችው በዚሁ ዘዴ ነው፤ እዚያ መብራቱ በየቤቱ ነው እንጂ።

ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ከመስከረም እስከ መጋቢት የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ናት፤ ስለዚህ ሶላሩ ወደ ደቡብ ዘንበል ይላል። አሁን በጋ ነው፣ ደመና የለም። ግን ሶላራችን አቧራ ለብሷል፤ አቧራም ብርሃን ይከለክላል። አባቴ ረጅም መሰላል እየፈለገ ነው።