ለነፍስ ወከፍ ሲካፈል

እጩ መምህራን! ተማሪ ተነሥቶ «የመንግሥት በጀት ለኔ ምኔ ነው?» ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? ሰሌዳው ላይ አካፍሉለት። ለ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የጸደቀው የፌዴራል በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። ሕዝቡን 130 ሚሊዮን ብንል፣ ለነፍስ ወከፍ 7,470 ብር ገደማ ይደርሳል። ይህ ግን አማካይ እንጂ በየኪሱ የሚገባ ገንዘብ አይደለም።

ወደ ዕዳው እንምጣ። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ሳይከፈል የቀረው የዩሮቦንድ ወለድ 33 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ለአንድ ሰው ሩብ ዶላር ያህል። «ይህቺ አቃተችን?» እንዳትሉ! የሚከፈለው በብር ሳይሆን በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ምንዛሪው ደግሞ ከቡናው፣ ከወርቁና ከመሳሰለው ሽያጭ ይመጣል። ስለዚህ ማካፈል የዕዳውን መጠን ያሳያል፤ የመክፈል አቅምን ግን አያሳይም።

መልመጃ፦ የቦንዱ ዋና ገንዘብ 1 ቢሊዮን ዶላር ነው። ለነፍስ ወከፍ ስንት ይደርሳል?