የተራራ ብስክሌት ጎማ በልዩ ልዩ መንገድ ላይ፤ ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች የቀረበ ትምህርት

አንድ ሸቀጥ መልካም ወይም መጥፎ መሆኑ የሚታወቀው በመደርደሪያ ላይ ተሰቅሎ ሳለ ሳይሆን ለታሰበለት አገልግሎት በዋለ ጊዜ ነው። ይህ ነገር በጎማ ንግድ ላይ በይበልጥ ጎልቶ ይታያል። በጭቃ ላይ የተመሰገነ የተራራ ብስክሌት ጎማ በአስፋልት ላይ ሲነዳ ይከብዳል፤ ጥርሱም ፈጥኖ ያልቃል። በአስፋልት ላይ ቀልጣፋ የሆነው ጎማ ደግሞ በጭቃና በእርጥብ ሣር ላይ ነጂውን ይጥላል። በሁለቱም ጊዜ ደንበኛው የሚወቅሰው መንገዱን ሳይሆን ጎማውንና የሸጠለትን ነጋዴ ነው። አስመጪውም በውጭ ምንዛሪ ገዝቶ ያመጣው ዕቃ በመጋዘን ሲከርምበት ኪሳራው የራሱ ይሆናል።

ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ስሕተት ጥርሱ ረጅም የሆነውን ጎማ ሁሉ ጠንካራና ለሁሉም መንገድ የሚስማማ አድርጎ መቁጠር ነው። ይህ ጽሑፍ የተራራ ብስክሌት ጎማ በየመንገዱ የሚሰጠውን አገልግሎት ከነምክንያቱ በመግለጽ አስመጪው በሚያዝዝበት፣ ባለሱቁም በሚሸጥበት ጊዜ የሚመራበትን ዕውቀት ለማቅረብ የተዘጋጀ ነው።

1. ስለ ዕቃው አመጣጥና ስለ ልኩ

በአሜሪካ የሽዊን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1933 ወፍራምና ብዙ አየር የሚይዝ የብስክሌት ጎማ ለገበያ አቀረበ። ስፋቱ 2.125፣ ቁመቱም 26 ኢንች ነበር። ከአርባ ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1970ዎቹ ውስጥ፣ በካሊፎርኒያ በታማልፓይስ ተራራ አካባቢ የነበሩ ወጣቶች በእነዚሁ አሮጌ ብስክሌቶች ቁልቁለቱን ይወርዱ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1981 ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ ስታምፕጃምፐር የተሰኘውን የተራራ ብስክሌት በብዛት እያሠራ መሸጥ ሲጀምር ባለ 26 ኢንቹ ጎማ በዓለም ገበያ ተስፋፋ። ከ2000 ወዲህ ባሉት ዓመታት ደግሞ 27.5 እና 29 ኢንች የተባሉት ልኮች የአዳዲስ ብስክሌቶችን ገበያ በብዛት ይዘዋል። ሆኖም በሥራ ላይ ያሉት አሮጌ ብስክሌቶች ብዙዎች ስለሆኑ 26 ኢንቹ ጎማ ዛሬም ፈላጊ አለው።

አስመጪውን በብዙ የሚጎዳው በኢንች የተጻፈውን ልክ ብቻ አይቶ ማዘዝ ነው። ለምሳሌ «26 × 1.50» እና «26 × 1½» በስሌት አንድ ቢመስሉም በሥራ ግን የተለያዩ ናቸው፤ የአንዱ ጎማ በሌላው ቸርኬ ላይ ከቶ አይገጥምም። ይህን ችግር ለማስቀረት አይ.ኤስ.ኦ. 5775 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት በጎማው ጎን ላይ በሚሊ ሜትር የሚጻፍ ሁለት ቁጥር አለ። «57-559» ቢል የመጀመሪያው ቁጥር የጎማውን ስፋት፣ ሁለተኛው ጎማው በቸርኬው ላይ የሚቀመጥበትን ክብ ዲያሜትር ያመለክታል። ወሳኙ ሁለተኛው ቁጥር ነው። ይኸውም እንደሚከተለው ነው።

559፦ በነጥብ የተጻፈው የተራራ ብስክሌት 26 ኢንች፣ እንደ 26 × 2.25 ያለው።
584፦ 27.5 ኢንች፤ የድሮው 26 × 1½ም ልኩ ይኸው ነው።
590፦ 26 × 1⅜ የሚል የተጻፈበት የከተማ ብስክሌት ጎማ።
622፦ 29 ኢንች፤ 700ሲ የሚባለውም ልኩ ይኸው ነው።
635፦ የድሮው ባለ ትልቅ እግር ብስክሌት 28 × 1½።

ስለዚህ በማዘዣውና በዋጋ ማቅረቢያው ደረሰኝ ላይ ይህ የሚሊ ሜትር ቁጥር እንዲጻፍ አስመጪው አጥብቆ መጠየቅ አለበት።

2. ጎማ መሬትን የሚይዝበት ሁለት ዓይነት መንገድ

በየመንገዱ የሚታየውን ልዩነት ለመረዳት መሠረቱ ይህ ነው። መሬቱ ለስላሳ ሲሆን የጎማው ጥርስ ወደ ውስጥ ገብቶ ይነክሳል፤ ስለዚህ የሚጠቅመው የጥርሱ ርዝመትና በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ነው። መሬቱ ጠንካራ ሲሆን ግን ጥርሱ ሊገባበት ስለማይችል የሚይዘው የጎማው ገላ መሬቱን በመንካት ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ የሚጠቅመው መሬቱን የሚነካው የጎማ ብዛትና የጎማው ልስላሴ ነው። ረጅምና የተራራቀ ጥርስ በጠንካራ መሬት ላይ በጫፉ ብቻ ስለሚቆም የሚነካው ቦታ ጥቂት ነው፤ በየዙሩም እየታጠፈ የነጂውን ጉልበት በከንቱ ይበላል።

የጎማው ልስላሴ ሾር ኤ በተባለ መለኪያ ይነገራል። ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ለስላሳ ነው፤ መሬትን ይይዛል፣ ነገር ግን ፈጥኖ ያልቃል። ቁጥሩ ሲበዛ ጎማው ደረቅ ነው፤ ዕድሜው ይረዝማል፣ ግን ያንሸራትታል። አንዳንድ ፋብሪካዎች ሁለቱን ለማስታረቅ መካከሉን ከደረቅ፣ ዳርና ዳሩን ከለስላሳ ጎማ ይሠሩታል።

3. በየመንገዱ የሚሰጠው አገልግሎት

ሀ. አስፋልት። በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ሥራ በአንዳንድ ዋና ዋና መንገዶች ዳር የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። የተራራ ብስክሌት ገዝቶ ከአስፋልት የማይወጣ ደንበኛም ጥቂት አይደለም። ለዚህ ሰው የሚስማማው ጥርሱ አጭር፣ መካከሉም እንደ መስመር የተያያዘ ጎማ ነው። ረጅም ጥርስ ያለው ጎማ በአስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ይከብዳል፤ ነጂው አጋድሎ ሲታጠፍም የዳሩ ጥርስ ተጣጥፎ ሊያንሸራትተው ይችላል።

ለ. ኮብልስቶን። ድንጋይ እንደ መሆኑ ጥርስ አይገባበትም፤ በተለይ ዝናብ ሲያርፍበት የሚያድነው ለስላሳ ጎማና መጠነኛ የአየር ግፊት ነው። ጎማው ሰፋ ቢል ንዝረቱን ያበርዳል። ደረቅና ርካሽ ጎማ በእርጥብ ኮብልስቶን ቁልቁለት ላይ አደገኛ መሆኑን ባለሱቁ ለደንበኛው ሊነግረው ይገባል።

ሐ. ኮረትና በአቧራ የተሸፈነ ደረቅ መሬት። በላይ ላዩ የሚንከባለል ጠጠር ስላለ ጎማው ይንሸራተታል። መካከለኛ ርዝመት ያላቸው፣ በመካከል ቀረብ ቀረብ ያሉ፣ በዳርና በዳር ግን ጎላ ብለው የቆሙ ጥርሶች ይሻሉ። የመካከሉ ጥርስ በቀጥታ ሲነዳ ያቀልላል፤ የዳሩ ጥርስ በመታጠፊያ ላይ ይደግፋል። ለአብዛኛው የገጠር መንገድ የሚስማማው ይህ ዓይነት ስለሆነ አንድ ዓይነት ብቻ ለማምጣት አቅም ያለው ነጋዴ ይህን ቢመርጥ ይሻለዋል።

መ. ድንጋያማ የተራራ መንገድ። እዚህ የጎማው ጎን ዋና ነገር ይሆናል። ሹል ድንጋይ ጎኑን ይቀደዋል። በተጨማሪም ጎማው በድንጋይ ላይ በኃይል ሲያርፍ ካላማዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ይወጣዋል። ጎሚስታው እንዲህ ያለ ጥንድ ቀዳዳ ሲያገኝ ምክንያቱ ምስማር ሳይሆን የአየር ማነስ መሆኑን ይወቅ። ለዚህ መንገድ ሰፊና ጎኑ የተጠናከረ ጎማ ያስፈልጋል።

ሠ. ጭቃ። ለጭቃ የሚሆን ጎማ ጥርሱ ረጅምና የተራራቀ ነው። ክፍተቱ የሚጠቅመው ጎማው ሲሽከረከር ጭቃውን እንዲያራግፍ ነው፤ ክፍተቱ ከተደፈነ ጥርሱ እንደሌለ ይቆጠራል። ብዙ ሰዎች ለጭቃ ሰፊ ጎማ ይሻላል ይላሉ፤ ነገር ግን ጠበብ ያለው ጭቃውን ሰንጥቆ ከሥሩ ያለውን ጠንካራ መሬት ስለሚያገኝና ከብስክሌቱ ሹካ ጋር በቂ ክፍተት ስለሚተው ብዙ ጊዜ ይመረጣል። በደጋው አገራችን የሚገኘው ጥቁር አፈር ግን በክረምት እንደ ሙጫ እየተጣበቀ እግሩን እንዳይዞር ስለሚያደርገው ሙሉ በሙሉ የሚያሸንፈው ጎማ የለም። ነጋዴውም የማይፈጸም ተስፋ ለደንበኛው አይስጥ።

ረ. አሸዋ። በቆላው አሸዋማ መንገድ ረጅም ጥርስ አሸዋውን ይቆፍራል እንጂ አይረዳም። የሚያስፈልገው በአሸዋው ላይ የሚንሳፈፍ ሰፊ ጎማ ከዝቅተኛ የአየር ግፊት ጋር ነው።

ሰ. እሾህ። ግራር በሚበዛበት አገር ከሁሉ የሚከፋው ጠላት እሾህ ነው። ከጥርሱ ሥር መከላከያ ንጣፍ ያለው ጎማ ዋጋውና ክብደቱ ቢጨምርም ትርፉ ይበልጣል። ቲዩብለስ የተባለው፣ ያለ ካላማዳሪ በፈሳሽ ማሸጊያ የሚሠራው ጎማ ትንንሽ ቀዳዳን ራሱ ይደፍናል፤ ነገር ግን ለዚሁ የተሠራ ቸርኬና በየጥቂት ወሩ የሚታደስ ፈሳሽ ይጠይቃል። ስለዚህ አስመጪው ጎማውን ሲያመጣ ፈሳሹንም አብሮ ማምጣት ይኖርበታል።

4. የአየር ግፊት

መልካም ጎማ በተሳሳተ ግፊት ክፉ ይሆናል። ክብደቱ 70 ኪሎ ያህል የሆነ ሰው ስፋቱ 2.25 ኢንች የሆነ ባለ ካላማዳሪ ጎማ ይዞ በተራራ መንገድ ሲነዳ ከ1.8 እስከ 2.2 ባር ለመነሻ ይበቃዋል፤ በአስፋልት ላይ ግን ከፍ ማድረግ ይጠቅማል። አንድ ባር 14.5 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ነው። በሻካራ መንገድ እጅግ የተነፋ ጎማ በየድንጋዩ ስለሚነጥር ነጂውን ያደክማል፤ መጠነኛ ግፊት ያለው ግን ድንጋዩን ዋጥ አድርጎ ያልፋል። ሸክም የሚጭን ሰው ግፊቱን ይጨምር፤ ሆኖም በጎኑ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ አይለፍ። ባለሱቁ ከጎማው ጋር መለኪያ ያለው ፖምፓ ቢሸጥ ለራሱም ለደንበኛውም ይበጃል።

5. የፊትና የኋላ ጎማ

የፊቱ ጎማ ይመራል፤ ነጂው ፍሬን ሲይዝም አብዛኛው ክብደት ወደ ፊት ይጫናል። የኋላው ሲንሸራተት ነጂው ሊመልሰው ይችላል፤ የፊቱ ሲንሸራተት ግን መውደቁ ብዙ ጊዜ አይቀርም። ስለዚህ የመግዛት አቅሙ ለአንድ መልካም ጎማ ብቻ የሚበቃ ደንበኛ መልካሙን ከፊት እንዲያደርግ ይመከር። ከኋላ ጥርሱ አጠር ያለውን ማድረግ ጉልበት ይቆጥባል። በጎማው ጎን ላይ የመሽከርከሪያ ቀስት ካለበትም በቀስቱ አቅጣጫ መገጠም አለበት።

6. ለአስመጪውና ለባለሱቁ

በጎማው ጠርዝ ውስጥ የብረት ሽቦ ያለው ዋጋው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን አይታጠፍም። በሽቦው ፈንታ ጠንካራ ክር የገባበት ጎማ ዋጋው ቢጨምርም ተጣጥፎ በትንሽ ካርቶን ስለሚገባ፣ ክብደቱም ስለሚቀልል በማጓጓዣ ወጪ በኩል ይካካሳል። ሁለቱን ለማነጻጸር የፋብሪካውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን መጋዘን እስኪደርስ የወጣውን ሁሉ ማስላት ይገባል። የጭቃ ጎማ የሚፈለገው በክረምት ስለሆነ ከሰኔ አስቀድሞ እንዲደርስ፣ ብዛቱም ጥቂት እንዲሆን ይታዘዝ።

ጎማ ከፀሐይ፣ ከሙቀትና ከዘይት ርቆ በቀዝቃዛና በጨለማ ስፍራ ይቀመጥ። የኤሌክትሪክ ሞተር የሚያወጣው ኦዞን የተባለ ጋዝ ጎማን ስለሚሰነጣጥቅ ከሞተር አጠገብ አይከማች። ለረጅም ጊዜ በምስማር ላይ መስቀልም ቅርጹን ያበላሻል። አስቀድሞ የገባው አስቀድሞ ይሸጥ።

በመጨረሻም ባለሱቁ ጎማ ከመደርደሪያ ከማውረዱ በፊት አራት ነገር ይጠይቅ፦ ደንበኛው በብዛት የሚነዳው በየትኛው መንገድ ነው? ክብደቱና ጭነቱ ምን ያህል ነው? በመንገዱ እሾህ አለ ወይ? በአሮጌው ጎማ ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ስንት ነው? መልሱን በመዝገብ ቢያሰፍር ከጥቂት ወራት በኋላ መዝገቡ ራሱ የሚቀጥለውን ትእዛዝ ምን ያህልና ከየትኛው ዓይነት እንደሆነ ይነግረዋል። ተስማሚውን ካላገኘም «ይህ ለእርስዎ መንገድ አይሆንም፤ የሚሆነውን አስመጣልዎታለሁ» ብሎ ደንበኛውን መሸኘት ይገባዋል። የአንድ ቀን ሽያጭ ቢቀርበትም፣ በቁልቁለት ላይ የሰው ሕይወት የሚንጠለጠለው መሬትን በሚነካው በዚያች ትንሽ የጎማ ገላ ላይ ስለሆነ እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ከነጋዴው ኃላፊነት የሚቆጠር ነው።