ሕያው ሞተር፦ ባክቴሪያና ረቂቅ ሮቦት

ማንኛውም ተንቀሳቃሽ ሮቦት ሞተር፣ የኃይል ምንጭና መሪ ያስፈልገዋል። ይሁን እንጂ ሮቦቱ በሰው አካል ውስጥ ባሉት እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች እንዲያልፍ ከተፈለገ መጠኑ ከጥቂት ማይክሮ ሜትር መብለጥ የለበትም። በዚህ መጠን ሞተርና ባትሪ አሟልቶ መሥራት እጅግ አዳጋች በመሆኑ፣ አንዳንድ ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ ባክቴሪያ አዙረዋል።

በቅድሚያ የረቂቁን ዓለም ፊዚክስ እንመልከት። እኛ ስንዋኝ መቅዘፍ ብናቆምም በነበረን ፍጥነት ጥቂት ወደ ፊት እንንሸራተታለን። ለባክቴሪያ ግን ውኃ ለእኛ እንደ ወፍራም ማር ነው፤ መቅዘፉን ባቆመ ቅጽበት የአንድ አቶም ስፋት ያህል እንኳ ሳይንሸራተት ይቆማል። ስለዚህ ሞተሩ ያለ ዕረፍት መሥራት አለበት። በኢ. ኮላይ ይህን የሚፈጽመው ፍላጀለም የተባለው ጅራፍ መሰል ጭራ ነው። በሥሩ የሚገኘው 45 ናኖ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሞተር በፕሮቶኖች ፍሰት እየተነዳ በሴኮንድ ከ100 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል።

መሪውስ? እ.ኤ.አ. በ1975 ሪቻርድ ብሌክሞር የመግነጢስ መስክን ተከትለው የሚዋኙ ባክቴሪያዎችን ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቀ። በውስጣቸው የተደረደሩት የማግኔታይት ክሪስታሎች እንደ ኮምፓስ መርፌ ያገለግላሉ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነጥብ አለ፤ መስኩ ባክቴሪያውን አይጎትተውም፣ አቅጣጫውን ያስይዘዋል እንጂ። የሚዋኘው ራሱ ነው።

በካናዳ፣ ሞንትሪያል ከተማ ሲልቫን ማርቴልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ኤም.ሲ.-1 በተባለው ባክቴሪያ ላይ መድኃኒት የያዙ 70 ያህል ረቂቅ ከረጢቶችን አጣበቁ። ባክቴሪያዎቹን በአይጦች ላይ ባበቀሉት የካንሰር ዕጢ አጠገብ ወግተው በመግነጢስ መሯቸው። እስከ 55 በመቶ የሚሆኑት ኦክስጅን ወደ ጎደለበት የዕጢው ክፍል ዘለቁ። የመጨረሻውን ጉዞ ያገዘው፣ ባክቴሪያው ራሱ ኦክስጅን አነስተኛ የሆነበትን ስፍራ የመፈለግ ጠባዩ ነው።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ኦክስጅን የጎደለበት ክፍል የደም ሥር ስለሚያጥረው መድኃኒት በበቂ መጠን አይደርሰውም፤ የጨረር ሕክምናንም ይቋቋማል። ሆኖም አይጦቹ የበሽታ መከላከል አቅማቸው የተዳከመ እንደነበር መዘንጋት የለብንም። ጤናማ የመከላከል አቅም ያለው አካል ባክቴሪያን እንደ ጠላት ይዋጋል። እንግዲህ ሞተሩና መሪው ተገኝተዋል፤ የሚቀረው ትልቁ ፈተና ባለቤቱ አካል እንግዳውን እንዲቀበል ማድረግ ነው።