የማን ድምፅ ይሰማል? ከሱረቱል ዐበሰ የምንማረው



ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አባቶቻችንና እናቶቻችን አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጡ። ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ የስም ጉዳይ ነበር፤ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባል ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል አሉ። ይህ የቃላት ክርክር ብቻ አልነበረም። በገዛ አገሩ «ነዋሪ» የተባለ ሰው፣ ሲናገርም እንደ እንግዳ ነው የሚደመጠው።

ይህን ታሪክ ስናወራ እንኮራለን። ወደ ራሳችን ጀመዓ ስንመለስስ? ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከሐረር፣ ከስልጤ፣ ከአፋር መጥተን በአንድ ሶፍ እንቆማለን። ሹራ ላይ ግን አማርኛ የሚቀናው ይናገራል፤ የሚከብደው ዝም ይላል። የሰለመ ወንድማችን ዓመታት ቆይቶም «አዲሱ» ነው። የእህቶች አስተያየት ብዙ ጊዜ የሚነበበው ውሳኔው ካለቀ በኋላ ነው። «እኛ ማን ነን?» የሚል ክርክር ሲነሳም የሚመልሱት እነዚያው ሦስት አራት ሰዎች ናቸው።

ሱረቱል ዐበሰ የወረደችበትን ምክንያት እናስታውስ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መካ ላይ የቁረይሽ ታላላቆችን ወደ ኢስላም እየጠሩ ሳለ፣ ዐይነ ስውሩ ዐብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ) ሊማር መጣ። እሳቸውም ፊታቸውን አጨፍግገው ዞር አሉ። ሐሳባቸው መልካም ነበር፤ የእነዚያን ሰዎች መስለም ተመኝተው ነው። አላህ (ሱ.ወ) ግን ፈልጎ የመጣውን ትተው ራሱን ያብቃቃውን በማስቀደማቸው ወቀሳቸው።

እዚህ ላይ ልብ እንበል፦ ኢብኑ ኡሙ መክቱም ፊታቸው ሲጨፈገግ ማየት አይችልም ነበር። እሱ ያላየውን አላህ አየለት። ስለዚህ «ማንም ቅር አላለውም» ማለት ለእኛ ማስረጃ አይሆንም። ያልተሰማ ሰው አለመሰማቱን ላያውቅ ይችላል፤ ቢያውቅም ለመናገር ይፈራ ይሆናል።

ይህ ሶሓባ ኋላ መዲና ላይ ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሙዓዚኖች አንዱ ሆነ፤ እሳቸው ለጉዞ ሲወጡም በቦታቸው ሰዎችን ያሰግድ ነበር። ዞር የተባለበት ሰው ሕዝቡን ለሰላት የሚጠራ ድምፅ ሆነ።

እንግዲህ ከቀጣዩ ሹራ እንጀምር። መጀመሪያ የሚናገሩት ዝምተኞቹ ይሁኑ። አማርኛ የሚከብደው በቋንቋው ይናገር፤ አጠገቡ ያለው ያስተርጉምለት። የእህቶች ሐሳብ ከውሳኔ በፊት ይነበብ። ያኔ «እኛ» ስንል ሁላችንን ማለታችን ይሆናል፣ ኢንሻ አላህ።

ወላሁ አዕለም።