ንግግር የሚይዘውን ተማሪ እንዴት እናለማምደው?

እንደሚታወቀው የመምህር ሥራ ፊደል በማስቆጠር አያበቃም። ተማሪው ያወቀውን ለሰው መንገር መቻል አለበት። በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው ንግግር የሚይዛቸውን፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ተማሪዎችን ነው።

ጋይንት ለማስተማር ልምምድ በወጣሁ ጊዜ አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ በጠየቅሁት ቁጥር «አላውቀውም» ይለኝ ነበር። እኔም ዜሮ እሰጠው ነበር። ደብተሩን ሳርም ግን መልሱ ሁሉ ትክክል! ለካ ሳይዘው የሚወጣለት ቃል «አላውቀውም» ብቻ ኖሯል። ጥፋቱ የኔ ነበር።

መንተባተብ ከስንፍና የሚመጣ አይደለም። በዘር የመተላለፍ ዝንባሌ ያለውና አንጎል ንግግርን ከሚያቀናብርበት መንገድ ጋር የተያያዘ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ዕድሜ ይጀምራል፤ ብዙዎቹን ሕፃናት ይተዋቸዋል፤ ከአዋቂዎች 1 በመቶ ከሚሆኑት ጋር ግን አብሮ ይኖራል። ወጣቱን ከመያዙ ይልቅ መሸሹ ይጎዳዋል፦ ገበያ ዋጋ አይጠይቅም፣ ጤና ጣቢያ ሕመሙን አይናገርም፣ በመጨረሻም ትምህርቱን ሊተው ይችላል።

እንግዲህ መምህሩ ምን ያድርግ?

ሀ/ ይታገሥ። ቃሉን አይጨርስለት፤ «ቀስ በል፣ ተረጋጋ» አይበለው።

ለ/ ከቀላሉ ይጀምር። ከጓደኛ ጋር አብሮ ሲያነቡ ወይም ሲዘፍኑ መያዙ ይቀንሳል። ቀጥሎ ሰላምታን፣ ተራ መጠበቅን፣ ያልተሰማውን መድገምን፣ ስንብትን አንድ በአንድ ያለማምደው። ኋላም ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ገበያ ወጥቶ «እማማ፣ ጤፉ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅ።

ሐ/ ባህሉን ይጠብቅ። የውጭ መጻሕፍት «የምታናግረውን ሰው ዓይኑን እይ» ይላሉ። በእኛ ዘንድ ግን ወጣት በታላቁ ፊት አንገቱን ሰበር ቢያደርግ ጨዋነት ነው፤ እንደ ጉድለት አይቆጠርበት። ከእኩዮቹ ጋር ቀና ብሎ ይጫወት።

መ/ ክፍሉን ያስተምር። «ተብታባ» የሚል ቅጽል ስም እንዳይወጣለት አስቀድሞ ይከላከል።

ችግሩ የተለየ ቢሆንም አርአያ የሚሆነን አለ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፍተው፣ በገዛ ፊደላችን ላይ የተመሠረተ የንግግር ማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጅተዋል። ዘዴ ከቤትም ይገኛል ማለት ነው።

ያ ልጅ ልምምዴን ሳልጨርስ ለ3 ጓደኞቹ ጮክ ብሎ አነበበ። አራት ጊዜ ያዘው፤ ግን ጨረሰ። ነገ ስማዳ፣ እስቴ ወይም ጋይንት የምንመደብ ሁሉ «አላውቀውም» ስንባል፣ ዜሮ ከመጻፋችን በፊት ደብተሩን እንመልከት።