የሕዝብ መድኃኒትና የነጋዴው ጥንቃቄ

ከጅቡቲ ወደብ በመኪና ተጭኖ የሚመጣ ዕቃ በገላፊ ገብቶ በሰመራ፣ በሚሌና በአዋሽ በኩል ወደ መሐል አገር እንደሚዘልቅ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። በሰመራ ቅርንጫፍ ያለው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ለመንግሥት ጤና ተቋሞች ከሚያከፋፍለው መድኃኒት ውስጥ የወባና የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ለሕሙማን ያለ ዋጋ የሚታደል ነው።

ይህ መድኃኒት ተሰርቆ እንደ ሆነ የሚታወቅበት ስሌት ለነጋዴ እንግዳ አይደለም። በጤና ጣቢያው ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ይቈረጣል፤ ቀሪው በቢን ካርድ ይጻፋል። ለምሳሌ 1,000 ፓኮ ገብቶ 700 ቢወጣ 300 ሊቀር ይገባል። ተቈጣጣሪው ቈጥሮ 240 ብቻ ቢያገኝ ስለ ጐደለው 60 ኀላፊውን ይጠይቃል። ወጪው በወረቀት የተሟላ ቢመስል እንኳ ከሕሙማን መዝገብ ጋር ይመሳከራል።

ሆኖም የተሰረቀ ዕቃ ገዢ ይፈልጋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ያለ ፈቃድ በመድኃኒት መነገድን ይከለክላል። ስለዚህ ፈቃድ የሌለው ባለ ሱቅ ፈጽሞ አይንካው። ባለ ፈቃዱም ዋጋው የረከሰ መድኃኒት ሲቀርብለት የሻጩን ፈቃድ፣ ደረሰኙንና የባች ቁጥሩን ይመርምር፤ ካልተሟላ አይግዛ። የጐደለው ፓኮ ልጇን አዝላ ከሩቅ ቀበሌ ለመጣች እናት የታሰበ ነበርና።