ጭቃው ምን ይዟል?

በገዳሪፍ ክረምቱ ሲወጣ የሐፊሩ ውኃ ይጠራል። «ጠርቷል እኮ፣ ለምን እናፈላለን?» ሲል አንድ ተማሪ ጠየቀን። መልሱ የሚጀምረው ከሥር ካለው ጭቃ ነው።

የሣርና የማሽላ አገዳ ቅሪት ካርቦሃይድሬት፣ ማለትም የስኳርና የስታርች ዘር፣ ይዞ ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። ረቂቅ ተሕዋስያን ይህን እየተመገቡ ይራባሉ፤ ኦክስጅኑንም ይጨርሱታል። ያን ጊዜ ጭቃው ይጠቁራል፤ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። በቀይ ባሕር ዳርቻ ረግረግም እንዲሁ ነው።

በላቦራቶሪ ካርቦሃይድሬቱን ለመለካት ናሙናው ከፌኖልና ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር ይደባለቃል። ብርቱካንማው ቀለም በደመቀ ቁጥር መጠኑ በዝቷል ማለት ነው። ተሕዋስያኑ ደግሞ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራሉ።

እኛ መሣሪያው የለንም። ይሁን እንጂ በ2023 እ.ኤ.አ. ኮሌራ ገዳሪፍ መግባቱን እናውቃለን። የኮሌራ ተሕዋስ በጥቃቅን የውኃ እንስሳት ቅርፊት ላይ ይጣበቃል፤ ቅርፊቱም ካይቲን ከተባለ ካርቦሃይድሬት የተሠራ ነው። በባንግላዴሽ መንደሮች ውኃን በአራት በታጠፈ አሮጌ ጨርቅ ማጥለል የኮሌራ ሕሙማንን ቁጥር በግማሽ ያህል ቀንሷል።

ስለዚህ ጭቃውን ሳናደፈርስ እንቅዳ፤ በታጠበና በታጠፈ አሮጌ ነጠላ እናጥልል። ማጥለል ብቻውን ግን አይበቃም፤ ከዚያ እናፍላ ወይም ክሎሪን እንጨምርበት።

ጥያቄ፦ የጠራ ውኃ ሁሉ ንጹሕ ነውን? ምክንያቱን ለልጆቻችሁ አስረዱ።